የይማም አራት ዓመት

የይማምን ሞት የሰማሁት ደሴ፣ ባንክ ውስጥ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ እህቱ ዘምዘም ነበረች።

«መምህር፣ ይማም አኼራ ሄደ» አለችኝ።

ጉበቱን ታሞ መክረሙን አውቅ ነበር፤ እንዲህ ይፈጥናል ብዬ ግን አላሰብኩም። «አላህ ይርሐመው» አልኩ። ክርስቲያን ነኝ፤ ወሎ ላደገ ሰው ግን በእንዲህ ያለ ሰዓት አፉ ላይ የሚመጣለት ቃል ይኸው ነው። ዘምዘም አላለቀሰችም። «ሬዲዮኑ ይናገርለት ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንጃ እህቴ።»

«ሲቀጣማ ጠዋትም ማታም ተናግረው ነበር።»

አልተናገሩለትም። ሳምንቱን ሙሉ የስፖርት ዜና ተከታተልኩ። የውጭ ተጫዋቾች ዝውውር፣ የአሰልጣኝ ስንብት፣ የሜዳ እድሳት ተወራ፤ የይማም ስም አልተነሳም። አይፈረድባቸውም። ኳስ ካቆመ ቆይቷል፤ ለብሔራዊ ቡድን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ከመቀመጥ ያለፈ ታሪክም የለውም። እኔ ግን በዕድሜዬ ካወቅኳቸው ሰዎች ውስጥ እንደሱ ሳላስበው ድንገት ትዝ የሚለኝ የለም።

መካነ ሰላም የተመደብኩት የሥነ ዜጋ መምህር ሆኜ ነው። ግንባሩ አገሩን ጠቅልሎ የያዘበት፣ መምህሩም ገበሬውም አንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ከአንዱ ግምገማ ወጥተን ሌላው ግምገማ የምንገባበት ዘመን ነበር። የተከራየኋት ክፍል የይማም እናት ግቢ ውስጥ ነበረች። ከግቢው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር፣ ዘምዘም ቆርቆሮና ምስማር፣ አልፎ አልፎም ሲሚንቶ የምትሸጥበት ሱቅ ነበራት። ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ፣ መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሁሉ ተሰብስቦ ሲመለስ አብራ የተመለሰች ሴት ናት። ቁጣዋ ቅርብ፣ እጇ ለጋስ ነው።

ይማምን በአካል ከማየቴ በፊት በፎቶ ነው ያየሁት። ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከሚዛኑ በላይ፣ የክለቡን ማሊያ ለብሶ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ የቆመበት ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ገበያተኛው ሁሉ እያየው ያልፋል። ከወሎዋ ቦረና ወጥቶ አዲስ አበባ ትልቅ ክለብ የገባ ልጅ ብዙ አልነበረም። ሰዉ ምስማር ሊገዛ መጥቶ፣ «ይማም እንዴት ነው? እሑድ ይጫወታል?» ብሎ ጠይቆ ነው የሚሄደው።

ዜናው የተነገረ ዕለት እኔም ሱቁ ደጃፍ ነበርኩ። የሬዲዮው አንባቢ፣ «የተከለከለ አበረታች ዕፅ ተጠቅሞ በመገኘቱ ከማንኛውም የእግር ኳስ እንቅስቃሴ ለአራት ዓመት ታግዷል» አለ። ዘምዘም የያዘችውን ምስማር ሚዛኑ ላይ እንደያዘች ቀረች። ከተማው ደግሞ ከዚያ ሁሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ነጥሎ ያዘ፤ ዕፅ። ዕፅ ማለት ለመካነ ሰላም ሰው ሐሺሽ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። በማግስቱ ገበያው ውስጥ «ይማም ሐሺሽ ሲያጨስ ተይዞ» ይባል ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ማጨሱ ወደ መሸጥ አደገ፣ መሸጡም እስር ቤት አስገባው።

ስለዚህ ይማም አንድ ቀን ከሰዓት ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ፣ መንገድ ላይ ያገኙት አንድ ጎረቤት ሽማግሌ አቅፈው ሳሙትና፣ «ተፈታህ ልጄ? አብሽር፣ ወንድ ልጅ ይታሰራል» አሉት።

«አሜን፣ አባቴ» አላቸው ይማም። አላስተባበለም። በኋላ ዘምዘም ይህን ሰምታ ስትጮህበት፣ «በፍቅር ነው የጠየቁኝ፤ ምን ብዬ ላሳፍራቸው?» አላት።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ነው። አንድ ነገሩ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሰው ሲያናግር ፊት ለፊት አይቆምም፤ ግማሽ ዞር ብሎ፣ አንድ እግሩን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚቆመው። አንተንም፣ ከጀርባህ ያለውን መንገድም እኩል ያያል። መጀመሪያ ንቀት መስሎኝ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ዓይኑን ኳሷ ላይ፣ አንድ ዓይኑን አጥቂው ላይ አድርጎ የኖረ የመሃል ተከላካይ መሆኑን ያስታወስኩት ቆይቼ ነው። አንዲት አባባልም ነበረችው፤ «ፊሽካ ካልተነፋ ጨዋታ ነው» ይላል። ገዢ በዋጋ አልስማማ ብሎ ሲወጣ፣ ደመና አንዣቦ አልዘንብ ሲል፣ እናቱ ታመው ሐኪም ቤት ሲገቡ፣ ለሁሉም ያቺን ይላል። አራቱን ዓመት ግን በዚያች አባባል ሲያልፈው አልሰማሁም።

ሥራው እህቱ ሱቅ ውስጥ ምስማር መመዘን ሆነ። ጉዳዩን የነገረኝም አንድ ከሰዓት ምስማር እየመዘነ ነው፣ ሳልጠይቀው።

ክለቡ ለአህጉሩ ውድድር የመልስ ጨዋታ ሲዘጋጅ የይማም ጉልበት አብጦ ነበር። አሰልጣኙ «እሑድ እፈልግሃለሁ» ብሎታል። የክለቡ ወጌሻ ወደ አንድ ክፍል ወስዶ መርፌ ወጋው።

«ምንድን ነው? አልኩት» አለኝ ይማም። «ማገገሚያ ነው፣ ሁሉም ይወስዳል አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። ጥፋቴ እሱ ነው። ጫማ ስገዛ እንኳ ከዚያ የበለጠ እጠይቃለሁ።»

እሑድ ተጫወተ። ጥሩም ተጫወተ። ጨዋታው ሲያልቅ ለምርመራ ዕጣ ወጣበትና ሽንት ሰጠ። «እየሳቅሁ ነው የሰጠሁት» አለኝ። ውጤቱ ሲመጣ መርፌው ጡንቻ የሚያዳብር ሆርሞን ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩን የሚያዩት ዳኞች ፊት ሲቀርብ ወጌሻው «አልወጋሁትም» አለ። ክለቡ «የምናውቀው ነገር የለም» አለ። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ተጫዋች በሰውነቱ ውስጥ ለሚገኘው ነገር ሁሉ ተጠያቂው ራሱ ነው።

«ወጌሻውስ?» አልኩት።

«እዚያው ክለብ ነው። በቀደም በቴሌቪዥን አየሁት፤ የወደቀ ልጅ እግር ላይ ውሃ ይረጫል።» የመዘነውን ምስማር በጋዜጣ ጠቀለለና ለገዢው ሰጠ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር አልነበረም።

ዘምዘም ግን እንዲህ ዝም ብላ የምታልፈው ጉዳይ አልነበረም። ሱቁ ውስጥ ገዢ ሲጠፋ ክርክሩን እሷ ናት የምትጀምረው።

«ነፍሰ ገዳይ እንኳ በአመክሮ ይወጣል!» ትላለች። «ይኼ አመክሮ የለው፣ ይግባኝ የለው! ወላሂ፣ ሰው የገደለ ይሻላል!»

«ሳልቀጣ ልቅር አላልኩም» ይላታል እሱ። «ሰውነቴ ውስጥ ተገኝቷል። እኔን ዝም ቢሉኝ ነገ ወጌሻው ሁሉ መርፌውን ይዞ ሕፃናቱ ላይ ይሰለፋል። ያልገባኝ ልኩ ነው።»

«ልኩማ ዜሮ ነው!»

«ዜሮ አይደለም ዘምዙ። አራትም አይደለም።»

አንድ ቀን ወደ እኔ ዞሩ። እሷ፣ «አንተ የፍትሕ መምህር አይደለህ? ተናገር እንጂ!» አለችኝ። ክፍል ውስጥ፣ ቅጣት ከጥፋቱ ጋር መመጣጠን አለበት ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት በዚያው ሳምንት ነበር። አስቦ ያጠፋና ሳያውቅ ያጠፋ እኩል አይቀጡም፣ ፍርድ ቤት ቢሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው አልኩ።

«ተጠይቋል» አለ ይማም። «ሳላውቅ መወጋቴን ግን የማስረዳው እኔ ነኝ። ያለ ወጌሻው በምን ላስረዳ? ደግሞ መምህር፣ አንተን አራት ዓመት ቢያግዱህ ተመልሰህ ጠመኔህን ታነሳለህ። የኔ ሥራ ያለው እግሬ ውስጥ ነው። እግር ደግሞ አይጠብቅም።»

በእገዳው ሁለተኛ ዓመት ላይ ዘመዶቹ ለአንዲት የጎረቤት ከተማ፣ የወግዲ ልጅ ሽማግሌ ላኩለት። የልጅቱ አባት ሽማግሌዎቹን በክብር አብልተው አጠጥተው ካበቁ በኋላ፣ «ቤቱ ደኅና ነው፣ ዘሩም ደኅና ነው። ልጄን ግን በሬዲዮ ለተነገረበት ሰው አልሰጥም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሩት ይማም ራሱን ነቀነቀና፣ «እሳቸው ልክ ናቸው፤ የሰሙት እሱን ነው» አለ። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደወትሮው ከኳስ ሜዳው በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ጀርባ ለሩጫ አልወጣም። በየጠዋቱ ብቻውን ይሮጥ ነበርና የዚያን ቀን መቅረቱን ግቢው ሁሉ አወቀው።

በሦስተኛው ዓመት የመካነ ሰላም ቡድን ለዞኑ ዋንጫ ማለፊያ ከወግዲ ጋር ደረሰው። ከጨዋታው በፊት ባለው ሳምንት የእህል ነጋዴው ሐጂ ሙሄ፣ የቡድኑ ደጋፊዎች ሰብሳቢ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሱቁ መጡ። ሲሚንቶው ከረጢት ላይ ተቀመጡ። እኔም ነበርኩ።

«ልጄ ይማም» አሉ ሐጂ፣ «አንድ ጨዋታ ነው። ወግዲዎች አምና እንዴት እንዳዋረዱን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ ሐጂ። አይፈቀድልኝም እንጂ።»

«ማን ያይሃል? ከአዲስ አበባ ተነስቶ እዚህ ጉም ውስጥ ማን ይመጣል? በሌላ ልጅ ስም እናስገባሃለን።»

«ስሙንስ ቀየራችሁት፤ ቁመቴን የት ትደብቁታላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ይማም ከቆመበት ሳይነቃነቅ ቀጠለ። «ሐጂ፣ ይኼም ውድድር የፌዴሬሽን ነው። ገብቼ ከተጫወትኩ የጨረስኩት ሁሉ ይፈርስና ቅጣቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። እናንተ ዋንጫ ትወስዳላችሁ፣ እኔ ሌላ አራት ዓመት እወስዳለሁ።»

«እሺ አትጫወት። አሠልጥናቸው።»

«እሱም አይፈቀድም።»

«በእረፍት ሰዓት ገብተህ ምከራቸውሳ?»

«ሐጂ፣ ማንኛውም እንቅስቃሴ ነው የሚለው።»

ሐጂ ሙሄ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ያ አላህ! ይኼማ በቁም መቅበር እንጂ ቅጣት አይደለም» አሉና ወጡ። የተቆጡት በቅጣቱ ይሁን በይማም፣ ከአነጋገራቸው መለየት አልቻልኩም።

የጨዋታው ዕለት ይማም ሜዳው ውስጥ አልገባም። ከአጥሩ ውጭ፣ ባሕር ዛፉ ያለበት ዳገት ላይ ቆሞ ነው ያየው። አብሬው ቆምኩ። ጨዋታው ሙሉ እግሩ አላረፈም፣ አጥቂ ወደ እኛ ጎል በመጣ ቁጥር ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላል። ወግዲ አሸነፈ። ሰዉ ከሜዳ ሲወጣ አቀበቱን ቀና ብሎ አየው፣ አንዱ ጎረምሳም «ሐሺሻም!» ብሎ ጮኸ። ሌሎች ተቀበሉት። አንድ ሰው የጭቃ ጓል ወረወረና ትከሻው ላይ አረፈ። ይማም ጭቃውን በእጁ ጠረገ፣ ሕዝቡ እስኪያልፍ ጠበቀና ወደ ቤት ወረድን።

ያን ዕለት ነው የጠየቅኩት። «ማንም አያይህም ነበር። እገዳውን ለምን ይህን ያህል ጠበቅህ?»

ሱቁ ደርሰን፣ ሁለታችንም ተቀምጠን ከቆየን በኋላ ነው የመለሰልኝ።

«ሽመልስ የሚባል ልጅ ነበር» አለ።

ይማም ገና ወጣት ሳለ፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲጫወት፣ ሽመልስ የሚባል የተጋጣሚ አጥቂ አልፎት ሊሄድ ሲል ዘግይቶ ተንሸራቶ ገባበት። የልጁ እግር ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ድምፁ እስከ ትሪቡኑ ተሰምቷል አለኝ። ይማም ቀይ ካርድ አየ፤ ሦስት ጨዋታም ተቀጣ። ሽመልስ ዳግመኛ ኳስ አልተጫወተም።

«ሦስቱን ጨዋታ ትሪቡን ላይ ተቀምጬ፣ ኦቾሎኒ እየበላሁ ጨረስኩት» አለኝ። «ማንም ሬዲዮ ላይ አልተናገረብኝም። እኔም ልጠይቀው አልሄድኩም። ስለዚህ መምህር፣ እነዚህ አራት ዓመታት የሽመልስ ናቸው እላለሁ። የሱ ናቸው ካልኩ ደግሞ ማጭበርበር አልችልም።»

«የት ነው ያለው?»

«ደጎሎ ነው አሉ። ጎሚስታ ሆኗል።» ከዚያ ቀጥሎ፣ «አብረኸኝ ትሄዳለህ? ብቻዬን ከሄድኩ ከመንገድ እመለሳለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። ወግዲ ላይ መኪና ለውጠን፣ ገብሱ መታጨድ በጀመረበት ሜዳ መሃል እየተንገጫገጭን ደጎሎ ገባን። ገበያ ነበር፤ መንገዱን የጭነት መኪኖች ሞልተውታል። የሽመልስን ቤት ለማግኘት ብዙ አልደከምንም። ደጃፉ ላይ የተደረደሩ አሮጌ ጎማዎች አሉ፤ እሱ ራሱ አንድ እግሩን ዘርግቶ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ የተነፋ ካላማዳሪያ ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ቀና ሲል ወዲያው አወቀው።

«ይማም ነህ» አለ።

«ነኝ።»

«ተቀመጡ።» ጎማ ላይ ተቀመጥን። ሽመልስ ሥራውን አላቋረጠም። ይማም በመንገድ ላይ ሲያዘጋጅ የዋለው ንግግር ነበረው፤ ሲለማመደው ሰምቼዋለሁ። አሁን ግን የወጣው «ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» የሚል ብቻ ነው።

ሽመልስ ውሃው ውስጥ አረፋ አገኘና ቦታውን በጣቱ ያዘው። «ያኔ ብትመጣ ጥሩ ነበር» አለ። «ሆስፒታል ተኝቼ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንተ ትመስለኝ ነበር።»

ይማም አንገቱን ደፋ።

«ስለ ቅጣትህ ሰምቻለሁ» ቀጠለ ሽመልስ። «ሬዲዮ ላይ።»

«ደስ አለህ?»

«አልዋሽህም፣ ያን ቀን ደስ አለኝ። አድሬ ሳስበው ግን ተናደድኩ።»

«ለምን?»

«እግሬን ስትሰብር ሦስት ጨዋታ ያሉህ ሰዎች ለመርፌ አራት ዓመት ካሉህ፣ እግሬ ከሽንትህ አንሳለች ማለት ነዋ።»

ይማም፣ «እኔ የተቀበልኩት ያንተ ነው ብዬ ነው። ያኔ ያልተቀጣሁትን አሁን ልቀጣ ብዬ» አለ።

ሽመልስ ካላማዳሪያውን አስቀመጠው። እጁን በጨርቅ ጠረገና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ይማም ሙሉ ለሙሉ ዞረ።

«እሱን አታድርግ። የኔን እግር ዕዳ በሌላ ነገር አታጣፋ። ለሷ የተቀጣ ሰው የለም፤ አንተም አልተቀጣህም። ዛሬ መጥተሃል፣ እሱን ተቀብያለሁ። ያ አራት ዓመት ግን ሌላ ነው። ከበዛብህ በዛብኝ በል፣ የበደለህንም ሰው በስሙ ጥራ። እኔ ጀርባ አትደበቅ።»

ከዚያ ምሳ ጋበዘን፤ እምቢ ብንለውም አልሰማንም። እያነከሰ ከፊታችን ሄደ። ሲበላ ስለ ጎማ ዋጋ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራ። ስንለያይ አንድ የሚያውቀውን ሹፌር ጠርቶ ጋቢና እንድንቀመጥ አደረገ። ሁለቱ አልተቃቀፉም፤ ተጨባበጡ፣ ረዘም አድርገው።

ስንመለስ፣ ወግዲ ልንገባ ስንል ይማም፣ «እውነቱን ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ታዲያ ለማን ብዬ ልጨርሰው?» አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገሩ ተለወጠ። ሰዎች ሲጠይቁት መመለስ ጀመረ። «ሐሺሽ አይደለም» ይላል፣ «መርፌ ነው፤ የወጋኝም እገሌ ነው»፣ የወጌሻውንም ስም ይጠራል። አንዳንዱ ያምነዋል፣ አንዳንዱ አያምነውም። እሱ ለሁሉም እኩል፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ይናገራል። ዘምዘም፣ «አሁን ገና አፍ አወጣህ» ትለው ነበር።

እገዳው ሲያበቃ አዲስ አበባ ለሙከራ ሄደ። ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎታል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ሩጥ አሉኝ፣ ሮጥኩ። ዝለል አሉኝ፣ ዘለልኩ። ከዚያ አሰልጣኙ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና 'ጎበዝ ተከላካይ ነበርክ' አለኝ።» ፈገግ አለ። «ነበርክ። አየህ መምህር፣ ወረቀቱ ላይ አራት ዓመት ይላል እንጂ የፈረዱት ዕድሜ ልክ ነው። እነሱም ሳያውቁት አይቀርም።»

ከሱ የሰማሁት ትልቁ ምሬት ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት ማንም ያልፈለገውን የከተማውን የሴቶች ቡድን ማሠልጠን ጀመረ። አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስም አገባ፤ ሚስቱ ስለ መርፌ ከሱ የበለጠ ታውቃለች እየተባለ ተቀለደ። ልጃገረዶቹን ከጨዋታ በፊት ከታክቲክ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው፣ ምን እንደዋጡ ነው። የራስ ምታት ኪኒን እንኳ የዋጠች ትናገራለች። እነሱ ይስቃሉ፤ እሱ አይስቅም።

የመጨረሻው ትዝታዬ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ የሆነ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ መጥቶ በአካባቢው ላሉ አሠልጣኞችና የስፖርት መምህራን ስለ አበረታች መድኃኒቶች ሥልጠና ሰጠ። የትምህርት ቤታችንን የስፖርት ክበብ ወክዬ እኔም ገባሁ። ይማም ከኋላ ወንበር ላይ፣ ማስታወሻ እየያዘ ተቀምጧል። ባለሙያው ወጣት፣ ሸጋ፣ አነጋገሩ የተስተካከለ ሰው ነበር። ጠዋቱን ደንቡን ካስረዳ በኋላ ምሳሌ ልስጣችሁ አለ።

«አንድ ጎበዝ ተከላካይ ነበር፣ የትልቅ ክለብ ተጫዋች። አቋራጭ መንገድ መረጠ። አራት ዓመት ተቀጣ፣ በዚያው ጠፋ። ስሙን አልጠራም።»

አዳራሹ ውስጥ ከባለሙያው በቀር ተከላካዩ ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም የራሱን እጅ ማየት ያዘ። ይማም እጁን አውጥቶ ተነሳ።

«አቋራጭ መንገድ መምረጡን በምን አወቁ?»

«ምርመራው አሳይቷል።»

«ምርመራው መድኃኒቱን ያሳያል። የወጋውን ሰው ያሳያል?»

«ደንቡ ኃላፊነቱን የሚሰጠው ለስፖርተኛው ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። የወጋውስ ሰው ምን ሆነ?»

«ስለሱ መረጃ የለኝም።»

«ተጫዋቹስ? ከቅጣቱ በኋላ?»

ባለሙያው ትንሽ አሰበ። «እሱንም በትክክል አላውቅም። ቅጣቱን ጨርሶ ይሆናል።»

«አመሰግናለሁ» አለ ይማም፣ ተቀመጠም።

በእረፍት ሰዓት አንድ ሰው ለባለሙያው ሳይነግረው አልቀረም። ደጅ ቆመን ሻይ ስንጠጣ ፊቱ ቀልቶ መጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም ነበር» አለ። ከልቡ ያፈረ ይመስላል።

«ግድ የለም» አለው ይማም፣ እንደ ልማዱ ግማሽ ዞር ብሎ ቆሞ። «ምሳሌው ጥሩ ነው፣ ይጠቀሙበት። ልጆቹ መጠንቀቅ አለባቸው። አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩልኝ።»

«ምን?»

«ስሜን። ስም ካለው፣ ሰዎቹ 'ከዚያስ ምን ሆነ? ማን ወጋው? አሁን የት አለ?' ብለው ይጠይቃሉ። ስም ለሌለው ሰው ግን ማን ይጠይቅለታል?»

ባለሙያው ከልቡ አዘነ። «ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ግን በሥልጠና ላይ ስም መጥራት አይፈቀድልንም።»

ይማም ሳቀ። እንደዚያ ድምፁን አውጥቶ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። የሰውየውን እጅ ጨበጠና የከሰዓቱን ትምህርት ሊከታተል ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

እኔን የሚከለክለኝ ደንብ የለም። ይማም አራጌ ይባል ነበር። የመካነ ሰላም ልጅ፣ የመሃል ተከላካይ።